ስፌቴን ይዤ ሀረማያ ሀይቅ ዳር የከረምኩ ጊዜ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ፣ ከድሬዳዋ ይዣቸው ሄጄ አስር ቀን ሀረማያ አክስቴ ጋ ከርሜ መጣሁ። ከቤቷ ሀይቁ ድረስ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። ቤት ውስጥ ጀምሬ ያልጨረስኩት የእጅ ስራ ተጠራቅሞብኝ ስለነበር በቃ ውሃ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዤ፣ ማንም ሳይጠራኝ እሰራለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ሰርቻለሁም፣ ግን ያሰብኩትን አይደለም የሰራሁት፣ እና እንደኔ ለእረፍት ስትወጡ ስፌት ወይ ዳንቴል የምትይዙ ካላችሁ እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

የያዝኩት ሶስት ነው። ግማሽ የደረሰ ሌማት፣ አዲስ የምጀምረው መሶብ ከነሙሉ ስንደዶውና አክርማው (ስንደዶው ውስጡ የሚሆነው ሳር፣ አክርማው ዙሪያውን የሚጠቀለለው)፣ ደሞ የጠረጴዛ ልብስ የሚሆን ዳንቴል ከነጭ ክሩና ከመስሪያ መርፌው ከኪሮሹ ጋር። ሁሉንም አንድ ቦርሳ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ገና ከድሬ የሚያስወጣውን የደንገጎ ዳገት ስንወጣ ነው ችግሩ የጀመረው፣ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው ታውቁታላችሁ፣ ሚኒባሱ በተጠማዘዘ ቁጥር ቦርሳው ይንሸራተታል፣ ወስፌው፣ ስፌቱን የምንበሳበት ሹል ብረት፣ ጨርቁን በስቶ ወጥቶ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ጉልበቷን ሊወጋት ለጥቂት። በጣም ነው የደነገጥኩት። አክስቴ ጋ ስደርስ ነገርኳት፣ ምንም ሳትል ጓዳ ገባችና ቆረቆንዳ አምጥታ የወስፌውን ጫፍ ሰካችበት። በቆሎው ከተፈለፈለ በኋላ የሚቀረው ማለት ነው፣ ለስላሳ ነው ግን ይይዛል፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ወስፌዬ ከቆረቆንዳው ተለይቶ አያውቅም።

ስለ ሀይቁ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ለኔ ዝም ብሎ ውሃ አይደለም። ልጅ ሆነን ከድሬ ሐረር ስንሄድ አደሌን ካለፍን በኋላ ሁላችንም በመስኮት ተንጠልጥለን ነበር የምናየው። ከዛ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ፣ ከተሞቹ ለመጠጥ ይስቡታል፣ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በፓምፕ ይስበዋል፣ ከተራራው የሚወርደው አፈር ደሞ ይሞላዋል፣ በ1997 አካባቢ ጭራሽ ደረቀ። ሐረር እንኳን ውሃዋን እዚህ እኛ ጋ ከድሬ ጃራ ነው ዳገቱን ወጥቶ የሚሄድላት። ስንት አመት ሙሉ ሀይቅ የነበረው ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ እያየን አለፍን። አሁን ደሞ ከጥቂት አመታት ወዲህ ውሃው ተመለሰ፣ ዝናቡም ረዳ፣ ዳገቱ ላይ እርከኑም ችግኙም ተሰራ፣ እና ያ የደረቀውን ያየ ሰው ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ሲያይ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው። እና ቀና ብዬ ማየት እፈልግ ነበር። ዋናው ነገር እሱ መሆኑን ግን በኋላ ነው ያወቅኩት።

የመጀመሪያው ቀን መሶቡን ጀመርኩ። ስፌት የምትሰሩ ታውቃላችሁ፣ አጀማመሩ ነው ከባዱ፣ ያቺ መሀል ላይ ያለችው ጠባብ ክብ፣ ስንደዶው አልታጠፍ እያለ፣ አክርማውን እየጎተትሽ፣ ወስፌው የሚገባበት ቦታ ገና ሳይኖር መፍጠር አለብሽ። አይን ከእጅ አይነሳም። እኔ ደሞ ልጆቹ ውሃው ዳር ሲጠጉ እጮሀለሁ፣ ወፍ ሲነሳ አያለሁ፣ ከብት ሊያጠጣ የሚመጣው ልጅ ሰላም ይለኛል፣ መልስ ስሰጥ ክቡ ይላላል። ሶስት ጊዜ ፈታሁት። ማታ አክስቴ አየችውና «ይሄ እኮ ጎብጧል፣ ፍቺው» አለችኝ፣ አራተኛ ጊዜ ፈትቼ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን ዳንቴሉን ያዝኩ፣ እሱም ቁጥር ነው፣ አበባው በየረድፉ እየተቆጠረ ነው የሚወጣው፣ አስራ አምስት ላይ ስደርስ አንዷ «እማዬ!» ትላለች፣ አለቀ፣ ከአንድ እንደገና። ተናደድኩ ዋላሂ፣ ለማረፍ መጥቼ ልጆቼ ላይ መጮህ ጀመርኩ።

ሶስተኛው ቀን ነው ሌማቱን ያወጣሁት፣ እሱም ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ። ዙሩ ሰፊ ነው፣ ጥለቱ ወጥቷል፣ ቀይ እዚህ ጋ፣ አረንጓዴ እዚህ ጋ፣ የሚያሳስብ ነገር የለም፣ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ወስፌ፣ አክርማ፣ ጎተት፣ ወስፌ፣ አክርማ፣ ጎተት፣ እና አይኔ ውሃው ላይ ነው። ከሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፣ ስነሳ ሁለት ዙር ሰርቻለሁ። ቤት ቢሆን ለሁለት ዙር ሳምንት ነው የሚፈጅብኝ። ስለዚህ እኔ ከአሁን በኋላ ለእረፍት ስሄድ የምይዘው አንድ ስራ ብቻ ነው፣ እሱም ቤት ተጀምሮ ከባዱ ያለፈ። መጀመር የቤት ስራ ነው፣ ማታ በር ተዘግቶ ልጆች ከተኙ በኋላ የሚደረግ። ሰው «አዲስ ነገር ለመጀመር እረፍት ጥሩ ነው» ሲል እሰማለሁ፣ ለስፌት ግን አይሰራም፣ ይሄን በእርግጠኝነት ነው የምላችሁ።

የእርጥበቱ ነገር ደሞ አለ። ድሬ ላይ አክርማ ነክሬ ካወጣሁ ሩብ ሰዓት አይቆይም፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ልማዴ ነክሬ በፌስታል መጠቅለል ነው፣ ከውስጡ አንድ አንድ እየመዘዝኩ እሰራለሁ። ሀረማያም እንደዛው አደረግኩ። ሀረማያ ግን ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ድሬ 1,200 ገደማ ናት፣ ነሐሴ ላይ ደሞ ዝናብ ነው፣ ማን ያደርቀዋል። በሶስተኛው ቀን ፌስታሉን ስፈታው ሽታው ሌላ ሆኗል፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ጀማምሮታል። የአክስቴ ጎረቤት፣ አንድ ትልቅ ሴትዮ፣ አዴ ነው ሁሉም የሚላቸው፣ ከጎኔ ቁጭ ብለው እጃቸውን ፌስታሉ ውስጥ ከተው ነካ ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ሳሩን እኮ አፍነሽዋል» አሉኝ። ከዛ አሳዩኝ። ለዛን ቀን የሚበቃውን ብቻ ነው የሚነክሩት፣ አንድ እፍኝ፣ ያራግፉታል፣ አሮጌ የነጠላ ቁራጭ አርሰው ጭምቅ አርገው በሱ ይጠቀልሉታል፣ የተረፈውን ማታ ፈተው ጥላ ላይ ይዘረጉታል። ጠዋት ድርቅ ብሎ ያድራል፣ መልሶ መንከር ነው። እኔ ይሄን ያህል አመት ስሰፋ ያላወቅኩትን በአምስት ደቂቃ።

የሚያሳዝነኝ ግን ዳንቴሉ ነው። አራተኛው ቀን ድንገት ዝናብ መጣ፣ ሁሉንም ሰብስቤ ቦርሳው ውስጥ አስገባሁና ሮጥን። የረጠበው ቀይ አለላ፣ ቀለም የተነከረው አክርማ ማለት ነው፣ እና ነጩ ክር አንድ ላይ አደሩ። ጠዋት ሳወጣው የክሩ ጥቅል ግማሹ ሮዝ ሆኗል፣ የተሰራው አበባም ጫፉ ተነክቷል፣ የሁለት ወር ስራ ነው። በሳሙና አሸሁት፣ ፀሀይ ላይ አሰጣሁት፣ ቀነሰ እንጂ አልለቀቀም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብላችሁ አትፍረዱብኝ። ቀለሙ እንደሚለቅ መፈተሽ እኮ ቀላል ነው፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ዘለላ በምራቅም በውሃም አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ማሸት፣ አለቀ። እኔ ድሬ ቀፊራ ገበያ ስገዛ የቀለሙ ድምቀት ነው የማረከኝ፣ ያ የደመቀው ደሞ እንደሚለቅ አየሁት።

በማግስቱ አክስቴ ዝም ብዬ ስቆዝም አይታ «ተነሺ ሐረር እንውረድ» አለች፣ ሩቅ አይደለም፣ አወዳይን አልፎ ነው። መኪና ግርግር ሄድን፣ ያ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ የስፌት መኪናቸውን ይዘው የተቀመጡበት መንገድ፣ ስሙም ከመኪናው ድምፅ የመጣ ነው። አንዱ ሰፊ ጋ ቁጭ ብለን ከሸራ ቦርሳ አሰፋሁ፣ ሶስት ኪስ፣ ለየብቻ፣ አንዱ ለእርጥቡ ውስጡ በላስቲክ የተለበጠ፣ አንዱ ለደረቁ፣ አንዱ ለክር በዚፕ የሚዘጋ። እየጠበቅን ነው የጨረሰልን። «ለምን ሶስት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሮዝ የሆነውን ክር አወጣሁና አሳየሁት፣ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀና በዚፑ ላይ አንድ መሸፈኛ ጨመረልኝ፣ ለሱ አላስከፈለኝም።

የቀሩትን ቀናት ሌማቱን ብቻ ነው የሰራሁት። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ስንደዶው ከጭን ላይ ይበተናል፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሀይዋ ሳትበረታ። ቅዝቃዜው ያታልላል፣ ፀሀዩ ግን እዛ ከፍታ ላይ ያቃጥላል፣ ሻሽ ወይ ባርኔጣ አትርሱ። ድሬ ስመለስ አንድ ዙር ብቻ ነበር የቀረው፣ እሱን ቤት ጨረስኩት፣ ለአክስቴ ላክሁላት።

ዳንቴሉን አልጣልኩትም። ባለፈው ሳምንት ቀፊራ ሄጄ ሆን ብዬ ሮዝ ክር ገዛሁ፣ የተነካውን አበባ ዙሪያውን በሮዝ እየከበብኩት ነው፣ ሁለተኛውን አበባም እንደዛው ላደርገው ነው። መሶቡን ደሞ ማታ ማታ ጀምሬዋለሁ፣ መሀሉ አልጎበጠም፣ አሁን መዳፌን ያክላል። ለጥምቀት ልጆቹ እንደገና ሀረማያ ካልሄድን እያሉኝ ነው፣ እስከዛ ዙሩ ከሰፋ ይዤው እወጣለሁ።