ልጆች ይዛችሁ ውጭ ሀገር ስትወጡ

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ፓስፖርቶቹን አንድ በአንድ እዩዋቸው፣ በተለይ የልጆቹን፣ በብዙ ሀገር የልጅ ፓስፖርት ከአዋቂው ቀድሞ ነው የሚያልፍበት፣ ብዙ ሀገሮች ደግሞ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ካልሆነ አያስገቡም፤ ሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች) ከሆነ ከምትወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር ይበቃል።

ሰው የሚረሳው ደግሞ እናት ወይ አባት ብቻውን ልጅ ይዞ ከሄደ የሌላኛው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ እንደሚችል ነው። ባይጠይቁም ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር ያዙት። ባለቤቴ ወረቀት ታበዛለህ ትለኛለች፣ እኔ ግን የሚያለቅስ ልጅ ታቅፌ ኢሚግሬሽን ላይ መከራከር አልፈልግም።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ። በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ ብዙ ኤርፖርት ላይ አሁንም በአንድ ዕቃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው፣ የሕፃን ወተት ግን ከዛ ቢበልጥም አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፉታል፣ ፍተሻ ላይ ለብቻው አውጥታችሁ አሳዩ። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጆሯቸውን ስለሚያማቸው ለትንንሾቹ ጡጦ ለትልልቆቹ ማስቲካ ስጧቸው፣ ሲውጡ ግፊቱ ይስተካከላል፣ ተኝተው ከሆነም ቀድማችሁ ቀስቅሷቸው፣ ይነጫነጫሉ ግን ከለቅሶው ይሻላል።

ፕሮግራም አታጨናንቁ በናታችሁ! ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከሰዓት መናፈሻ ወይ ዋና፣ በቃ። የሰዓት ልዩነት ካለ መጀመሪያ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተው ቁርስ ይሏችኋል፣ በዛ ላይ ሙዚየም ለሙዚየም ብታዞሯቸው የሚያስታውሱት የሆቴሉን ሊፍት ነው።

ሰው የበዛበት ቦታ ልትገቡ ስትሉ ደግሞ የልጆቹን ፎቶ አንሱ፣ ድንገት ቢጠፉ ምን ለብሶ ነበር ስትባሉ ስልካችሁን ታሳያላችሁ።