ከዋቱ በፊት ኦሙን እዩ

ትንሽ አምፕሊፋየር አግኝቶ የቤቱን ስፒከር ሊያገናኝ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ዋት ነው?" ብሎ ነው። መጠየቁ አይከፋም። አምፑን የሚያስቸግረው ግን ብዙ ጊዜ በስፒከሩ ጀርባ በደቃቅ ጽሑፍ የሰፈረችው የኦም ቁጥር ናት፤ ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ነው።

መዳፍ ከሚያክሉት ርካሽ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ በውስጣቸው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ቲፒኤ3116ዲ2 ቺፕ ይዘዋል። ካርቶኑ ላይ "2 በ50 ዋት" ይላል። ያ ቁጥር የሚገኘው በ21 ቮልት፣ በ4 ኦም ስፒከር፣ ድምፁም 10 በመቶ ተበላሽቶ ነው። በ8 ኦም ስፒከር፣ ድምፁ ሳይሰነጠቅ፣ ከአንዱ ቻናል (ከግራው ወይም ከቀኙ መውጫ) የሚገኘው በ12 ቮልት ቢበዛ 9 ዋት፣ በ19 ቮልት 22 ዋት፣ በ24 ቮልት 36 ዋት ነው። ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለኦሙ እጥፍ አካፍሉት፤ ጣሪያው ይወጣላችኋል። ለሳሎን አያንስም። ጀርባው ላይ 87 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) የተጻፈበት ስፒከር በ1 ዋት ብቻ ቤቱን ይሞላል፤ ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ እንደምንም የሚለየው ያህል።

ወደ ኦሙ እንመለስ። ማጫወቻው ሞቶ ስፒከሮቹ ደህና የሆኑ ሆም ቲያትር በየቤቱ አለ። ከእነዚህ ስፒከሮች ብዙዎቹ 3 ኦም ናቸው። ቺፑ በስቴሪዮ ሲሠራ የሚፈልገው ትንሹ ደግሞ 3.2 ኦም ነው። ኦሙ ሲያንስ የሚጎተተው ከረንት ይጨምራል፣ ቺፑ ይግላል፣ ቮልዩም ከፍ ሲል ራሱን ያጠፋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ይነሳል። ሰው ይህን ሲያይ አምፑ ተበላሸ ይላል። መፍትሔው ሁለት ተመሳሳይ 3 ኦም ስፒከሮችን በአንድ ቻናል ላይ በተከታታይ ማሰር ነው፦ የአምፑ ፕላስ ወደ አንደኛው ፕላስ፣ የአንደኛው ማይነስ ወደ ሁለተኛው ፕላስ፣ የሁለተኛው ማይነስ ወደ አምፑ። 6 ኦም ይሆናል። ሁለት 8 ኦም ስፒከሮችን በአንድ ቻናል ላይ ጎን ለጎን (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ብታስሩ 4 ይሆናል፤ ይህም ይቻላል። ሁለት 4 ኦም ጎን ለጎን ግን 2 ነው፤ እሱን ተዉት። ጽሑፉ የጠፋበት ስፒከር ካጋጠማችሁ በቴስተር ለኩት፤ ቴስተሩ ሁልጊዜ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። 6 ወይም 7 ካነበበ 8 ኦም ነው፣ 3 ተኩል ገደማ ካነበበ 4 ኦም።

አሁን ብዙ አምፕ የፈጀው ስህተት። የድሮ አምፕሊፋየር ማይነሱ ከቆርቆሮ ቀፎው ጋር አንድ ስለነበር ሁለቱን ስፒከሮች በሦስት ሽቦ ማገናኘት፣ ማይነሱን በጋራ መጠቀም ይቻል ነበር። በዚህ ቺፕ ግን "ማይነስ" የተባለውም ጫፍ ኃይል አለበት፤ ሁለቱም ጫፎች የአዳፕተሩን ቮልት ግማሽ ያህል ተሸክመው ይቀመጣሉ። የግራውን ማይነስ ከቀኙ ማይነስ፣ ወይም ከቀፎው፣ ወይም ከድምፅ መግቢያው ገመድ ቆርቆሮ ጋር አታገናኙ። ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ሁለት ሽቦ።

ሽቦው የመዳብ ይሁን። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ለ5 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 0.12 ኦም ገደማ ያስቀራል፤ ያ ምንም ማለት አይደለም። 0.5 ካሬ ግን 0.35 ይደርሳል፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ቤዙ ላልቶ ይሰማል። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ይሸጣል፤ ጫፉን በቢላ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አንድ ቁጥር ወፍራሙን ውሰዱ። ላስቲኩን 1 ሴንቲሜትር ያህል ላጡ፣ ክሮቹን አጠንክራችሁ ጠምዝዙ። አንዲት ያፈነገጠች ክር ጎረቤቷን ነክታ ሾርት ታደርጋለች፤ ብልሽት ይዘው ከሚመጡት ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ጥቂት አይደለም።

የሆም ቲያትር ገመድ ቀለሙ አያስተማምንም። 1.5 ቮልት የሰዓት ባትሪ ውሰዱ፣ ከአምፑ ተነቅሎ ባለው ሽቦ ጫፍ ላይ ለአፍታ ብቻ ነካ አድርጉ። የትልቁ ስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፕላስ የነካው ጫፍ ፕላስ ነው። አንዱን ገልብጣችሁ ብታስሩት ምንም አይቃጠልም፤ ቤዙ ግን ይጠፋል፣ ከመሐል መምጣት ያለበት የዘፋኙ ድምፅም የት እንዳለ አይታወቅም።

ለኃይል የ19 ቮልት ላፕቶፕ አዳፕተር፣ 3.42 ወይም 4.74 አምፔር፣ በደንብ ይበቃል። የ12 ቮልት ባለ 2 አምፔሩ ቤዝ በመታ ቁጥር ይንገዳገዳል። ከ26 ቮልት አትለፉ። ሶኬቱንም እዩ፤ ብዙ የላፕቶፕ ጫፍ ቀዳዳው 2.5 ሚሊሜትር ሲሆን የአምፑ ዘንግ 2.1 ነው። ይገባል፣ ግን ይላላል፤ ሲነካ የሚንጫጫ አምፕ መጀመሪያ እዚያ ይፈተሽ።

ስፒከሮቹ ከታሰሩ በኋላ፣ ቮልዩም ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ኃይሉ መጨረሻ ይሰካ። ላፕቶፕ ስትሰኩ "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ከመጣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት። ዝም ካለ ችግሩ የመሬት መስመሩ በሁለት በኩል መገናኘቱ ነው፤ በድምፅ ገመዱ መሐል የሚገባ ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር ያስቆመዋል። የሶኬቱን ሦስተኛ እግር መቁረጥ መፍትሔ አይደለም፤ እሱ ያለው እናንተን ኤሌክትሪክ እንዳይዛችሁ ነው።

ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ቮልዩሙን መልሱ። አምፑ ጣሪያው ላይ ደርሶ ጫፉን የቆረጠው ድምፅ ብዙ ቀጭን ድምፅ ስለሚወልድ ጭነቱ ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ላይ ይወድቃል፤ 100 ዋት የተጻፈበት ስፒከር በ20 ዋት አምፕ ትዊተሩ የሚቃጠለው እንዲህ ነው። መብራት ሲሄድም አዳፕተሩን ከግድግዳው ንቀሉት። ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው፣ ቮልዩሙም እንደተከፈተ ከቀረ ስፒከሩ "ጓ" ብሎ ይነሳል።