ሕመምተኛ ያልሆነን ሰው በኤምአርአይ ማንሳት

ለምርምር የሚደረግ የኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን የውስጥ ምስል የሚያነሳ ማሽን) ምርመራ ከተለመደው የሆስፒታል ሥራ የሚለየው፣ ማሽኑ ውስጥ የሚተኛው ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛ ሳይሆን በፈቃዱ የመጣ ተሳታፊ በመሆኑ ነው። ከምስሉ የሚያገኘው የሕክምና ጥቅም ስለሌለ፣ ለትንሽ አደጋ እንኳ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ በሰውነቱ ውስጥ ብረት መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ቅጹ ላይ ቢሞላም ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ በር ላይ ደግሜ እጠይቀዋለሁ፤ ብረት የሚስበው ባለ 3 ቴስላው (ቴስላ የማግኔት መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ማግኔት ሌሊትም አይጠፋም፣ ዓይን ውስጥ የቀረች የብረት ብናኝ ደግሞ ከውጭ አትታይም።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነው። የአንጎልን ሥራ በሚከታተለው ምርመራ የመላው አንጎል ምስል በየ2 ሰከንዱ ገደማ ስለሚወሰድ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ንቅናቄ እንኳ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ከደም ኦክስጅን ጋር በምስሉ ላይ የሚመጣውን የጥቂት በመቶ ለውጥ ሊሸፍነው ይችላል። «አይንቀሳቀሱ» ማለት ብቻውን (እኔ እንደማየው) ሰውን ይበልጥ ያስጨንቃል እንጂ ብዙም አይረዳም፤ የጆሮ መድፈኛውን በደንብ ማስገባት፣ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስፖንጅ ማድረግ፣ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ማኖርና የመጥሪያውን ኳስ ጨብጦ እንዲሞክረው ማድረግ የተሻለ ይሠራል።

ምስሉን ለማሳመር ብሎ የማሽኑን ቅንብር መቀየር ግን ክልክል ነው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተሳታፊ የሚነጻጸሩት በአንድ ዓይነት ቅንብር ሲነሱ ብቻ ነው። አጠራጣሪ ነገር ባይም ለተሳታፊው አልናገርም፤ በጥናቱ ደንብ መሠረት ራዲዮሎጂስት (የሕክምና ምስል የሚያነብ ሐኪም) እንዲያየው አስተላልፋለሁ።