የሱቁ ስም ያለበት ወተት ማን ነው ያመረተው?

አሜሪካ ውስጥ አበሻ ሲሰበሰብ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ «የሱቁ ብራንድ እኮ ታዋቂው ብራንድ ከሚወጣበት ከዚያው ፋብሪካ ነው የሚወጣው፤ እናንተ የምትገዙት ስም ነው» ይላል። ሌላው «ርካሽ ያው ርካሽ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኔ ክርክሩ ሰለቸኝና ማሸጊያውን እያገላበጥኩ ማንበብ ጀመርኩ።

አድራሻው ብዙም አይነግርም። የዋልማርት ሱቅ የራሱ ብራንድ የሆነው «ግሬት ቫልዩ» ዕቃ ላይ ቤንተንቪል፣ አርካንሳስ የሚል ታገኛላችሁ። እሱ ዋና መሥሪያ ቤቱ ነው። ሕጉ ስሙ የተጻፈው ድርጅት አምራቹ ካልሆነ «ዲስትሪቢዩትድ ባይ» (አከፋፋዩ) ወይም «ማኑፋክቸርድ ፎር» (የተመረተለት) እንዲባል ያዛል፤ አምራቹን በስም ጥቀሱ ግን አይልም። ባርኮዱም አያዋጣም። በየቴሌግራሙ «በባርኮድ አገሩን እወቁ» እየተባለ የሚዞረው ውሸት ነው። ቁጥሩ የብራንዱን ባለቤት ነው የሚያሳየው፤ እዚህ ደግሞ ባለቤቱ ሱቁ ነው።

ወተት ላይ ግን ተሳካልኝ። ማብቂያ ቀኑ አካባቢ በሰረዝ የተከፈለ ቁጥር ይታተማል። የፊተኛው ሁለት አሃዝ ስቴቱ ነው፦ 24 ሜሪላንድ፣ 42 ፔንሲልቬንያ፣ 51 ቨርጂኒያ። የቀረው የፋብሪካው መለያ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ ስለሚያወጣ ፈልጎ ማግኘት ቀላል ነው። እኛ ሰፈር የሱቁ ወተትና አጠገቡ ያለው ውዱ ወተት አንድ ቁጥር ነበራቸው። የዚያው ሱቅ ሌላ ቅርንጫፍ ስሄድ ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ሆነ! ስለዚህ የጎረቤት ወሬ አትመኑ፤ የገዛችሁትን ጋሎን እዩ።

ሥጋና ዶሮ ላይ የዩኤስዲኤ (የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር) ክብ ማኅተም ውስጥ ቁጥር አለ፤ እሱም ይፈለጋል። ሁሌም ግን ከጀርባው ታዋቂ ብራንድ የተደበቀ እንዳይመስላችሁ። ዋልማርት በ2018 ፎርት ዌይን፣ ኢንዲያና የራሱን የወተት ፋብሪካ ከፍቷል። ሌላው ትልቅ ሱቅ ኮስትኮም በ2019 ፍሪሞንት፣ ነብራስካ የራሱን የዶሮ ማቀነባበሪያ ሥራ አስጀምሯል።

ፓስታና ጣሳ ላይ ስደርስ ነገሩ የውሃ ሽታ ሆነብኝ። እዚያ የሚረዳው የሪኮል ማስታወቂያ ነው። ዕቃ በችግር ሲሰበሰብ ሚስጥሩ አብሮ ይወጣል። በ2007 ኮናግራ የተባለው የምግብ ኩባንያ ሳልሞኔላ በሚባለው ባክቴሪያ ምክንያት የኦቾሎኒ ቅቤ ሲሰበስብ ታዋቂው «ፒተር ፓን» እና «ግሬት ቫልዩ» በአንድ ማስታወቂያ ላይ ተጠሩ። ሁለቱም የመጡት ከሲልቬስተር፣ ጆርጂያ ፋብሪካ ነበር። ክዳናቸው ላይ ያለው ቁጥር እንኳ በ2111 ነበር የሚጀምረው። አሁን የድሮ ሪኮሎችን ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል፤ ባለቤቴ «ሌላ ሥራ የለህም ወይ?» ትላለች።

አንድ ፋብሪካ ማለት ግን አንድ አሠራር ማለት አይደለም። ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት እርጎ ገዝቼ ነበር። አንዱ ላይ ወተትና እርሾ ብቻ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ ስታርችና ጄላቲን ተጨምሯል። የተጻፉትም በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ የበዛው ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ እርጎ የምመርጠው ይህን ዝርዝር አንብቤ ነው።

ለማንጠር የምገዛው ጨው የሌለው ቅቤ ላይ ግን አልጨነቅም። ቅቤ ለመባል በሕግ ቢያንስ 80 በመቶ የወተት ስብ ሊኖረው ይገባል፤ የሱቁም ሆነ የውዱ። ኮረሪማና ኮሰረት ከገባበት በኋላ የማን እንደነበር የለየ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም።