ትምህርት ሲዘጋ

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ ወላጅ "ተመስገን፣ ከጠዋት ሩጫ ተገላገልን" ይላል። እኔ የምፈራው ግን ክረምቱን ነው። በየሰፈሩ ለግንባታ ተቆፍሮ የተተወው ጉድጓድ በሐምሌ ዝናብ ይሞላል፣ ከላይ ሲያዩት ጥልቀቱ አይታወቅም፣ ልጅ ደግሞ ውሃ ካየ አያስችለውም። "እንዳትሄድ" ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሰፈሩን አብሮ ዞሮ ቦታውን ማሳየት ይሻላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከሰል አለ። በር ዘግቶ ከሰል እያነደዱ መተኛት ይገድላል፣ መርዙ አይታይም፣ አይሸትም።

ሌላው ካርዱ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ስንተኛ ወጣህ?" (አክስቶች፣ እባካችሁ!)። ዝቅ ያለ ደረጃ ያመጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይከርማል። እኛ ቤት ደረጃ በሰው ፊት አይጠየቅም ብለናል። ያኮረፈ እንግዳ አለ፣ ያኩርፍ። ልጁ ግን ማታ ማታ ወሬ ጀምሯል፣ ክፍል ውስጥ ስለሚያስቸግረው ልጅ ሳይቀር።