ዲግሪውና ብድሩ

ዛሬ ከሥራ መልስ ከእህቴ ልጅ ጋር የኮሌጅ ወጪ ስናሰላ አመሸን። እሷ የድምፅና ምስል ቴክኖሎጂ ትላለች፤ እናቷ ነርስነት። (አሜሪካ ያለ የሐበሻ ቤት ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል።)

በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከመንግሥት የሚበደረው በ1ኛ ዓመት እስከ 5,500፣ በ2ኛው 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው። በ4 ዓመት 27,000። በ6 ከመቶ ወለድ ቢታሰብ በ10 ዓመት ለመጨረስ በየወሩ 300 ዶላር ገደማ መክፈል ነው። ይህ ይቻላል። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በላይ እናት የምትፈርምበት ብድር ነው፤ መንግሥት «ኮሌጅ ስኮርካርድ» በተባለው የኮሌጆች ማወዳደሪያ ድረ ገጹ የሚያወጣው የተመራቂዎች መካከለኛ ዕዳ ደግሞ የወላጅን ብድር አይጨምርም። ቁጥሩ ቀላል መስሎ የሚታየው አንድም በዚህ ነው።

ገቢውስ? በድምፅና ምስል ሙያ ብዙው ሥራ በቀን ሒሳብ የሚከፈል ነው። ኮንሰርትና ስብሰባ ሲበዛ ኪስ ይሞላል፣ ሲጠፋ ግን ብድሩ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ክፍያው ቀለል በሚለው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሪ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ድምፅ እየሠራሽ» አልኳት።

«ጋሼ፣ የእኛ ሰው ሠርግ እኮ በጊዜው አይከፍልም!»

ቀብድ ተቀበዪያ።