ለየፕሮግራሙ የራሱ ቮሊውም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አስቡ። ኮምፒውተሩ ላይ መዝሙር በቪኤልሲ ተከፍቷል፣ ብራውዘሩ ቪዲዮ ያጫውታል፣ ቴሌግራም ደግሞ መልእክት በመጣ ቁጥር ያቃጭላል። ቴሌግራሙን ብቻ ዝቅ ማድረግ የፈለገ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ስፒከሩ ቁልፍ ነው፤ መዝሙሩም አብሮ ይጠፋል።

ለየፕሮግራሙ የራሱ ስላይደር (ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች) ያለው ትንሽ መሣሪያ መሥራት ለምትፈልጉ፣ ከሥሩ ያለው ሞተር አዲስ አይደለም። ዊንዶውስ ከቪስታ (2007 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለየፕሮግራሙ ቮሊውም አለው፤ ሊኑክስ ላይ ፑልስኦዲዮና ፓይፕዋየር የተባሉት የድምፅ አስተዳዳሪዎች ይሠሩታል። የሚቀረው ሰው የሚነካው ገጽ ነው፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚበላሹትም እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስላይደሩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁን በ0.5 ብታባዙት የሚቀንሰው 6 ዲሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ «ግማሽ ሆነ» አይልም። ከታች ጫፍ ሲደርስ ግን በትንሽ ንክኪ ድንገት ይወርዳል። መፍትሔው ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደርድሮ ማባዛት ነው፦ 0.5 × 0.5 × 0.5 = 0.125፣ ማለትም 18 ዲሲቤል ገደማ ቅናሽ። ፑልስኦዲዮም የሚሄደው በዚሁ ስሌት ነው። ከ100 በላይ አትፍቀዱ፤ ቀድሞውኑ ጣሪያ የነካ ቅጂ ሲጨመርበት ጫፉ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል።

ትልቁ ራስ ምታት ቴሌግራም ነው። የድምፅ መስመር የሚከፍተው ሲያቃጭል ብቻ ነው፤ ስላይደሩም ብቅ ብሎ እጃችሁ ሳይደርስበት ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሰማ ፕሮግራም ዝም ቢልም ከዝርዝሩ አይውጣ፤ ደብዘዝ ብሎ ይቆይ። የምትለዩት በፋይሉ ስም ይሁን፤ የፕሮሰሱ ቁጥር (ሲስተሙ ለሚሠራው ፕሮግራም የሚሰጠው መለያ) ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ይለወጣል። የብራውዘር ታቦች በአንድ ስም ሥር ይገባሉ፤ እሱን ለመነጣጠል አትድከሙ፣ ለቀላል መሣሪያ አያዋጣም።

ሚውትን (ድምፅ ማጥፊያውን) ከዜሮ ለዩት። ሚውት ሲነሣ ስላይደሩ 35 ላይ ከነበረ 35 ላይ መገኘት አለበት።

ማስቀመጡን ፕሮግራሙ እስኪዘጋ አታቆዩት፤ መብራት ሳይናገር ይሄዳል። እጅ ከስላይደሩ በተነሣ በ1 ሰከንድ ውስጥ ጻፉ። በነባሩ ፋይል ላይ ግን አትጻፉ፤ ሌላ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ዲስኩ ውስጥ መግባቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ስሙን በነባሩ ተኩ። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ የጠዋቱ ቁጥር እንዳለ ይገኛል።